ፋርሲ ለምትጀምሩ፦ ብዙ ቁጥርና ጥምር ቃል በአማርኛ መንገድ

ፋርሲ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው በብዙ ቁጥር ነው፣ "አንዱ ቃል በሃ ይበዛል፣ ሌላው በአን፣ ሌላው በአት፣ ሌላው ጭራሽ ውስጡ ተገለባብጦ ሌላ ቃል ይሆናል፣ ይሄን ማን ይችለዋል" ይላል። እኔ ሁሌ የምመልሰው ያው ነው፣ አንተ ራስህ መጽሐፎች ትላለህ፣ ዜና ላይ መጻሕፍት ይሉልሃል፣ ሰፈር ውስጥ ደግሞ መጻሕፍቶች ሲባል ትሰማለህ፣ በዚህ ግን ራስህን አሞህ አያውቅም። ፋርሲም በቃ ይሄው ነው። አማርኛ የራሱ "ኦች" አለው፣ ከላዩ ደግሞ ከግዕዝ የመጣ ድርብ አለበት፤ ፋርሲም የራሱ ሃ እና አን አለው፣ ከላዩ ከዐረብኛ የመጣ ድርብ አለበት። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ተንገዳግዶ የሚያልፈውን ነገር እናንተ ግማሹን ይዛችሁት ነው የምትገቡት።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። የፋርሲውን ቃል በኛው ፊደል ነው የምጽፈው። ፋርሲ ሁለት ዓይነት "አ" አለው፣ አጭሩን በ፣ ከ፣ ደ እያልኩ በግዕዙ፣ ረጅሙን ባ፣ ካ፣ ዳ እያልኩ በራብዑ እጽፈዋለሁ፣ ቃል ሲጀምር ደግሞ አጭሩ ኧ ረጅሙ አ ነው (ረጅሙ ትንሽ ወደ ኦ ይጠጋል)። ቅ ስታዩ እንደኛ አታፈንዱት፣ ከጉሮሮ ለስለስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ኸ ደግሞ ሻከር ያለች የዐረብኛዋ ናት። ሰረዝ ያስገባሁት ቅጥያው ለይቶ እንዲታያችሁ ብዬ ነው፣ ስታነቡት ግን ገጥማችሁ አንብቡት።

ለመናገር የሚያስፈልጋችሁ አንድ ቅጥያ ብቻ ነው፣ ሃ። ኬታብ መጽሐፍ፣ ኬታብ-ሃ መጽሐፎች። ማሂ ዓሣ፣ ማሂ-ሃ ዓሣዎች። ዘን ሴት፣ ዘን-ሃ ሴቶች። ሰው ይሁን ዕቃ፣ የድሮ የፋርሲ ቃል ይሁን ትናንት ከፈረንጅ የገባ፣ ሁሉም ሃ ይቀበላል፣ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ ሃ ብላችሁ እለፉ፣ የሚስቅባችሁ የለም። የቴህራን ሰው ሲያወራ ግን ሃ-ዋን ይውጣትና ኬታባ፣ ማሺና (መኪኖች) ይላል፣ ፊልም እያያችሁ "ሃ የት ሄደች" ብላችሁ ግራ እንዳትጋቡ። ቃሉ በኤ ካለቀ ብዙ ጊዜ ትተርፋለች፣ በቼ ልጅ፣ በቼ-ሃ ልጆች፣ ይቺን በቼሃ ደግሞ በየፊልሙ ትሰሟታላችሁ፣ እኛ ጓደኞቻችንን "ልጆች፣ እንሂድ" እንደምንለው ናት። ተሳቢ ሲሆን ራ ይከተላል፣ ኬታብ-ሃ ራ፣ በወሬ ኬታባ ሮ፣ "መጽሐፎቹን" ላይ ያለችው ን ማለት ናት፣ ቅደም ተከተሉም እንደኛ ነው፣ መጀመሪያ ብዙ ቁጥሩ ከዛ ተሳቢው።

ሃ የምትመጣው በአብዛኛው ተለይቶ ስለታወቀ ነገር ስታወሩ ነው። ኬታብ ሚኻም ማለት መጽሐፍ እፈልጋለሁ ነው፣ አንድም ይሁን አስር፣ ኬታባ ሮ ሚኻም ካላችሁ ግን መጽሐፎቹን ነው፣ የምናውቃቸውን። እኛስ ዓሣ እወዳለሁ እንጂ ዓሣዎች እወዳለሁ እንላለን እንዴ?

ቁጥር ካለ ሃ የለም። እዚህ ላይ የትምህርት ቤት አማርኛችን ያሳስተናል፣ "ሦስት መጻሕፍት" ማለት ስለለመድን ሴ ኬታብ-ሃ ማለት ያምረናል፣ አይባልም፣ ሴ ኬታብ ነው። እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት ቁጭ ብላችሁ "ሦስት ቆሮሶ" (ዓሣውን ማለቴ ነው) ብላችሁ እንደምታዙት አድርጋችሁ አስቡት፣ እዛ ማንም ቆሮሶዎች አይልም። በንግግር ከቁጥሩ ቀጥሎ ታ ጣል ይደረጋል፣ ሴ ታ ማሂ፣ ዶ ታ ቻይ (ሁለት ሻይ)፣ ለሰው ደግሞ ነፈር፣ ፐንጅ ነፈር ሞሳፌር አምስት መንገደኛ። ይሄን ሕግ ለማስታወስ የኢራኗን ከተማ የኢስፋሃንን ሁለት ቦታዎች ያዙ። አንዱ ቼሄል ሶቱን የሚባለው የሳፋቪዶች (ድሮ ኢራንን የገዙ ነገሥታት ናቸው) ቤተ መንግሥት ነው፣ ቼሄል 40፣ ሶቱን ዓምድ፣ ሶቱን-ሃ አላሉትም። የሚገርመው ፊት ለፊቱ ያሉት ዓምዶች 20 ናቸው፣ የቀሩት 20 ገንዳው ውሃ ላይ የሚታየው ጥላቸው ነው ይባላል። ሌላው ዛያንዴሩድ ወንዝ ላይ ያለው ሲ-ዮ-ሴ ፖል ነው፣ 33 ድልድይ ማለት፣ ድልድዩ አንድ ነው 33 ቅስት ስላለው ነው፣ አሁንም ፖል እንጂ ፖል-ሃ አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ቅጽል ነው። እኛ ትልልቅ ቤቶች፣ ረጃጅም ዛፎች እያልን ቅጽሉንም እናበዛዋለን፣ ፋርሲ ግን ቅጽሉን አይነካውም፣ ኬታብ-ሃ-ዬ ቦዞርግ ትልልቅ መጽሐፎች፣ ቦዞርግ ያው ቦዞርግ ነው። ቅጽሉ ብቻውን ቆሞ ሰው ሲሆን ነው የሚበዛው፣ ቦዞርጋን ታላላቆች። ግሡ ላይ ደግሞ ሕይወት የሌለው ነገር ቢበዛም ግሡ ነጠላ ሊሆን ይችላል፣ በርግ-ሃ ሪኽት፣ ቃል በቃል "ቅጠሎቹ ረገፈ"፣ መጽሐፍ ላይ ስታገኙት የማተሚያ ስህተት አይምሰላችሁ።

አሁን ወደ አን። ይሄ የጽሑፍና የክብር ነው፣ በተለይ ለሰውና ለሕያው ነገር፣ መርድ ወንድ፣ መርዳን፤ ዘን፣ ዘናን። ዛፍም ይገባበታል፣ ዴረኽት፣ ዴረኽታን፣ ዓይንም ግጥም ላይ ቼሽማን ይሆናል። ቃሉ በኤ ሲያልቅ ጋን ይሆናል፣ ሴታሬ ኮከብ፣ ሴታሬጋን፤ ፐረንዴ ወፍ፣ ፐረንዴጋን። በኡ ወይም በረጅሙ አ ካለቀ ያን፣ ዳኔሽጁ ተማሪ፣ ዳኔሽጁያን። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ጋ ፈገግ ይላል፣ ምክንያቱም መምህራን፣ ምሁራን፣ ቅዱሳን ስንል የኛም የግዕዙ አን ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ዘመድ አይደሉም፣ እንዲሁ ተገጣጠሙ እንጂ፣ ግን ለማስታወስ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል። ብቻ በአን ያለቀ ሁሉ ብዙ አይደለም፣ ባራን ዝናብ ነው፣ ዘባን ምላስም ቋንቋም ነው፣ ኺያባን መንገድ ነው፣ የኛም ብርሃን እና ሥልጣን በአን አልቀው ነጠላ ናቸው አይደል? አንዳንዴ ደግሞ ሃ እና አን ትርጉም ይለያሉ፣ ሰር ራስ ነው፣ ሰር-ሃ ጭንቅላቶች፣ ሰራን ግን መሪዎች፣ የአገር መሪዎች ስብሰባ ዜና ላይ የምታገኟት እሷን ነው።

የዐረብኛው ድርብ ላይ ብዙ ሰው ይፈራል፣ እኔ ግን በጣም የምወደው ክፍል ነው። ኬታብ ብዙው ኬታብ-ሃ ነው፣ የተማረ ጽሑፍ ላይ ግን ኮቶብ ታገኛላችሁ። ሻኤር ገጣሚ፣ ሾአራ። መስጄድ፣ መሳጄድ። ይሄ ውስጡን የመስበር ነገር ለኛ የቤታችን ነው፣ ደብር አድባር፣ ድንግል ደናግል እያልን ነው ያደግነው፣ እንዲያውም አንዳንዱ ቃል ራሱ ዘመዳችን ነው። መለክ መላኤክ ይላሉ፣ መልአክ መላእክት እንላለን። ኮውከብ ከቫኬብ ይላሉ (የመጻሕፍት ቃል ነው፣ በወሬ ሴታሬ ነው)፣ ኮከብ ከዋክብት እንላለን። ነቢ ኧንቢያ፣ ነቢይ ነቢያት። ነፍስ እንኳን ነፍስ ናት፣ ብዙዋ ኖፉስ ሆና የሕዝብ ብዛት ማለት ትሆናለች። በአት የሚበዛውማ ገዳማት፣ ዓመታት ላይ ያለው አት ነው፣ እዚህ ጋ መገጣጠም አይደለም፣ ዐረብኛና ግዕዝ ሴማዊ ስለሆኑ ሥሩ አንድ ነው፣ ኤምቴሃን ፈተና፣ ኤምቴሃናት። ፋርሲ ይሄን አት ተውሶ የራሱ ቃል ላይም ሰክቶታል፣ ዴህ መንደር ነው፣ ዴሃት ደግሞ ገጠር ሆኖ ቀረ። ሌላም አለ፣ ኦስታድ (እኛ ኡስታዝ የምንለው) የፋርሲ ቃል ሆኖ ሳለ እንደ ዐረብኛ ተሰብሮ ኧሳቲድ ይባላል፣ ፕሮፌሰሮች ማለት ነው። መምህራኖች፣ ካህናቶች እያለ የሚያበዛን ሰው የምታርሙ ካላችሁ ደግሞ ኢራንም ያው ጠብ አለ፣ ጀቫሄር ራሱ የጌጥ ድንጋዮች ማለት ሆኖ ሳለ ጀቫሄራት ይሉታል፣ ኧርባብ ዐረብኛው ላይ "ጌቶች" ነው፣ ፋርሲ ላይ ግን አንድ ጌታ ሆኖ ኧርባብ-ሃ ተብሎ እንደገና ይበዛል። እኔ በዚህ ነገር ማንንም አላርምም።

ምን ላድርገው ካላችሁ፣ የተሰበረውን አትሸምድዱ። ዝርዝር ይዛችሁ ብትቀመጡ አንጎላችሁ ይደርቃል። እያነበባችሁ ስታገኙት ብቻ ከነጠላው ጋር ጎን ለጎን ጻፉት፣ ስትናገሩ ሃ ተጠቀሙ። እኛም ብንሆን ሊቃውንት የሚለውን የለመድነው ከሰው አፍ እየሰማን እንጂ ከሰንጠረዥ አይደለም።

ወደ ጥምር ቃል ስንመጣ መንገዱ ሁለት ነው፣ ሁለቱም አማርኛ ውስጥ አሉ። አንደኛው ገላጩ ቀድሞ ዋናው የሚከተልበት፣ እንደኛ ሻይ ቤት፣ መድኃኒት ቤት። ኻኔ ቤት ነው፣ ስለዚህ ቻይኻኔ ሻይ ቤት፣ ዳሩኻኔ መድኃኒት ቤት፣ ኬታብኻኔ ላይብረሪ፣ አሽፐዝኻኔ (አሽፐዝ ምግብ የሚያበስለው ሰው ነው) ወጥ ቤት። ቀህቬኻኔ ቡና ቤት ነው፣ ግን ኢራን ገብታችሁ ብታዙ የሚቀርብላችሁ ሻይ ነው፣ እኛም ቡና ቤት ገብተን ቢራ ስለምናዝ በዚህ የምንፈርድበት አፍ የለንም። ካቡል ላይ ደግሞ ሆስፒታሉን ሸፋኻኔ ይሉታል፣ የፈውስ ቤት፣ ቴህራን ቢማሬስታን ነው፣ የበሽተኛ ቦታ። ሲያወሩ ኻኔ ኹኔ ስለምትሆን ኬታብኹኔ፣ ቀህቬኹኔ ብትሰሙ ያው ናቸው። ከተማችን ራሷ በዚሁ መንገድ የተሠራች ናት፣ ባሕር ዳር፤ ካስፒያን ዳር ማዘንዴራን ውስጥ ደርያኬናር የምትባል መንደር አለች፣ ደርያ ባሕር፣ ኬናር ዳር፣ ቅደም ተከተሉ ሳይቀር አንድ ነው፣ እነሱም ልክ እንደኛ ሐይቁን ባሕር ብለው ነው የሚጠሩት፣ ካስፒያን በሳይንሱ ሐይቅ ነው። ተራውን ሐይቅ ግን ደርያቼ ይሉታል፣ ትንሽ ባሕር ማለት፣ ደርያቼ-ዬ ታና።

ሁለተኛው መንገድ ዋናው ቀድሞ ኤ የምትባል ማያያዣ ጠብ ስትልበት ነው፣ ኢራኖቹ ኤዛፌ ይሏታል። ኦታቅ ክፍል፣ ኻብ እንቅልፍ፣ ኦታቅ-ኤ ኻብ መኝታ ክፍል። በአናባቢ ሲያልቅ ዬ ትሆናለች። ለአውሮፓ ሰው ይሄ ሰዓት ይፈጅበታል፣ እናንተ ግን ጀልባ ተሳፍራችሁ ደብረ ማርያም ወይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትሄዱ እያወራችሁት ነው፣ ደብር ደብረ ሆነ፣ ኪዳን ኪዳነ ሆነ፣ ባለቤቱ ከኋላ መጣ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልንም ውሰዱ፣ ፋርሲ አብ-ኤ ሀያት የሚባል የድሮ አባባል አለው፣ የሕይወት ውሃ፣ ሀያትም የሕይወት ዘመድ ነው። ዓባይን ኒል-ኤ አቢ ይሉታል፣ ሰማያዊው ናይል። ችግሩ የፋርሲ ጽሑፍ ይቺን ኤ ብዙ ጊዜ አይጽፋትም፣ ሁለት ስም ወይ ስምና ቅጽል ተከታትለው ስታዩ ራሳችሁ ማስገባት አለባችሁ፣ ለዚህ ነው ጀማሪ ሁሉ ከድምፅ ጋር ማንበብ ያለበት።

ቤተ መጻሕፍት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ቁልጭ ይላል። የኛው በግዕዝ መንገድ ቤቱን አስቀድሞ መጽሐፉን አበዛው፣ ኬታብኻኔ ደግሞ መጽሐፉን አስቀድሞ ነጠላ አድርጎ ተወው። ፋርሲም የኛን መንገድ የሚከተልበት አለው፣ ግን ከዐረብኛ ሲዋስ ነው፣ የኢራን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው አሚር ከቢር ያቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ቴህራን ላይ የተከፈተው ትምህርት ቤት ዳሮልፎኑን ይባላል፣ የጥበባት ቤት፣ ፎኑን የፈን ብዙ ነው።

የምታገኙት ሦስተኛ ዓይነት ስምና የግሥ ሥር ነው፣ ይሄም ዓሣ አጥማጅ፣ ዳቦ ጋጋሪ እንደምንለው ነው። ማሂጊር ዓሣ አጥማጅ፣ ኬታብፎሩሽ መጽሐፍ ሻጭ፣ አስማንኸራሽ ሰማይ ጠቀስ (እነሱ ሰማዩን ይቧጥጡታል፣ እኛ እንነካዋለን)። ጥቂት ሥሮች ብትይዙ ብዙ በር ይከፈትላችኋል፣ ፐዝ ማብሰል፣ ጊር መያዝ፣ ፎሩሽ መሸጥ፣ ጁ መፈለግ፣ አሙዝ መማር። ዳኔሽ ዕውቀት ነው፣ ስለዚህ ፔዳና ፖሊ ግቢ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ናቸው) ያለው ዳኔሽጁ ነው፣ ዕውቀት ፈላጊ፣ ሃይስኩል ያለው ዳኔሽአሙዝ ነው፣ ዕውቀት ተማሪ፣ ግቢው ራሱ ዳኔሽጋህ፣ ጋህ ቦታ ስለሆነ። ፎሩድጋህ ኤርፖርት ነው፣ የመውረጃ ቦታ። ሀም ደግሞ አብሮነት ናት፣ ሀምካር የሥራ ባልደረባ፣ ሀምሻህሪ የአገር ልጅ፣ ከሁሉ የምወዳት ሀምሳዬ ናት፣ ሳዬ ጥላ ነው፣ አንድ ጥላ የሚጋሩ ጎረቤታሞች። በ"ኦ" የተያያዙም አሉ፣ ጎፍት-ኦ-ጉ ውይይት፣ ረፍት-ኦ-በርገሽት ደግሞ የኛው ደርሶ መልስ፣ ትኬት ስትቆርጡ ትፈልጓታላችሁ።

እና ጥምሩን ስናበዛው ሃ የት ትግባ? ጆሯችሁን ጠይቁት። ኤ ካልተሰማ ቃሉ አንድ ሆኗል፣ ቅጥያው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሻይ ቤቶች እንደምንለው ቻይኻኔ-ሃ፣ ማሂጊር-ሃ ወይ በጽሑፍ ማሂጊራን፣ ሀምካራን፣ ዳኔሽአሙዛን። ኬታብኻኔ በኤ ስላለቀ ብቻ ኬታብኻኔጋን እንዳትሉ፣ ጋን በአብዛኛው ለሕያው ነው። ኤ ከተሰማ ግን የሚበዛው ፊተኛው ነው፣ ኦታቅ-ሃ-ዬ ኻብ። ባለቤት ከሚለው ቃላችን ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ሳሄብኻኔ የሚል አላቸው፣ ሳሄብ ባለ፣ ኻኔ ቤት፣ አከራይ ማለት ነው፣ ድሮ የነበረችው ኤ ወድቃለች፣ ስለዚህ ባለቤቶች እንደምንለው ሳሄብኻኔ-ሃ። ሕጉን የሚያፈርሱም አሉ፣ ቶኽም-ኤ ሞርግ እንቁላል ነው፣ "የዶሮ ዘር"፣ ኤ-ዋ እየተሰማች እንኳን ቶኽም-ኤ ሞርግ-ሃ ይባላል፣ ምክንያቱም ማንም ሰው አሁን ዘርና ዶሮ ለያይቶ አያስበውም። እኛም በጽሑፍ አብያተ ክርስቲያናት ብለን ሁለቱንም አብዝተን፣ በወሬ ቤተ ክርስቲያኖች ብለን መጨረሻውን ብቻ እናበዛለን። ዓባይ ከጣና ሲወጣ የምናየው ጉማሬ ደግሞ ኧስብ-ኤ አቢ ነው፣ የውሃ ፈረስ፣ ኧስብ-ሃ-ዬ አቢም ኧስብ-ኤ አቢ-ሃም ሲባል ትሰማላችሁ፣ አቢ ሰማያዊም ስለሆነ ጀማሪ ሆናችሁ "ሰማያዊ ፈረሶች" ብላችሁ ብትተረጉሙት አይፈረድባችሁም።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ ሐይቁ ዳር ስትሄዱ የየቤቱን ማስታወቂያ በፋርሲ በሉት፣ ከዛ አብዙት፣ ከዛ ቁጥር ጨምሩበትና ሃ-ዋን መልሳችሁ ጣሏት። ባሕር ዳር ደግሞ ሳይክል አይጠፋም፣ ዶቸርኼ ነው፣ ሁለት ጎማ፣ ዶቸርኼ-ሃ ሳይክሎቹ፣ ሴ ታ ዶቸርኼ ሦስት ሳይክል፣ የሚነዳው ዶቸርኼሰቫር፣ በጽሑፍ ዶቸርኼሰቫራን።

መማሪያ መጽሐፍ የማይነግራችሁ የወሬ ነገሮችም አሉ። "እነ" የምንላት ለእንግሊዝኛ ሰው ማስረዳት ያቅተናል አይደል፣ ፋርሲ አላት፣ ኢና፣ ከስሙ ኋላ፣ መርየም-ኢና እነ ማርያም፣ ባባ-ኢና እነ አባባ። ማታ ማታ የምንለው ሸብ-ሃ ነው፣ አርብ አርብ ጆምኤ-ሃ፣ እኛ ቃሉን ደግመን የምናመጣውን እነሱ በሃ ያመጡታል። ኢን ተረፍ-ሃ ደግሞ "በዚህ በኩል አካባቢ" ነው፣ ብዛት የለበትም፣ እንዲሁ ማላላት ነው።

ቻት ስታደርጉ ደግሞ ሃ-ዋን ከቃሉ ጋር ብትገጥሟትም በግማሽ ስፔስ ብትለዩአትም ይነበባል፣ ሙሉ ስፔስ ግን ተዉ፣ ቃሉ ለሁለት ይከፈልባችኋል። በኤ ያለቀ ቃል ላይ፣ ሴታሬ-ሃ፣ በቼ-ሃ ዓይነቱ ላይ፣ መግጠም አይቻልም፣ ግማሽ ስፔሱ የግድ ነው። ስሙ ኒምፋሴሌ ነው (ኒም ግማሽ፣ ፋሴሌ ክፍተት፣ እሱም ጥምር ነው)፣ ኮምፒውተር ላይ በስታንዳርዱ የፋርሲ ኪቦርድ ሺፍት ይዛችሁ ስፔስ ስትጫኑ ይወጣል። ዲክሽነሪ ላይ ስትፈልጉ ደግሞ ሃ-ዋን ነቅላችሁ ፈልጉ፣ ካልተገኘ አን ወይ ጋን አውልቁ፣ አሁንም ካልተገኘ የተሰበረ ዐረብኛ ነውና ቃሉን እንዳለ አስገቡት፣ ጥሩ ዲክሽነሪ "የእገሌ ብዙ" ብሎ ወደ ነጠላው ይመራችኋል።